ሲርቁት የሚበላሽ ስክሪን

[መነጽር ቤት ነው። በአንዱ ግድግዳ መደርደሪያ ላይ የመነጽር ፍሬሞች ተደርድረዋል፤ በሌላው ግድግዳ ላይ ትልቅ አዲስ ስክሪን ተሰቅሏል። ከስክሪኑ ትይዩ፣ በክፍሉ ማዶ ጫፍ፣ ተመርማሪ የሚቀመጥበት ወንበር አለ። ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ የተቀመጠው የሚኒባስ ሾፌር ነው። አጠገቡ ካለው ጠረጴዛ ጋ ኪቦርዱን ይዞ የቆመው የሚስቱ ታናሽ ወንድም ነው፤ የመነጽር ቤቱ ባለቤት እሱ ነው። ስክሪኑ ላይ የኮምፒዩተሩ መግቢያ ገጽ ተከፍቷል፤ «መነጽ» የሚል ግዙፍ ጽሑፍ ይታያል። «መነጽር ቤት» ለማለት ፈልጎ ቦታ አጥሮት ነው።]

ሾፌር፦ ዓይን እያለህ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ለምን በዳበሳ ትገባለህ?

አማች፦ ለምጄዋለሁ ጋሼ። እንተር እጫናለሁ፣ ፓስወርዴን እጽፋለሁ፣ ደግሜ እንተር እጫናለሁ፣ ይከፍትልኛል።

ሾፌር፦ ፓስወርዱን የምትጽፍበት ሳጥን የት አለ?

አማች፦ ከታች ነው።

ሾፌር፦ ከምን በታች?

አማች፦ ከስክሪኑ በታች።

ሾፌር፦ ከስክሪኑ በታች ያለው ግድግዳ ነው።

አማች፦ እሱን ነው የምልህ፤ ግድግዳው ጋ ነው። አይታይም እንጂ አለ።

ሾፌር፦ ላም አለኝ በሰማይ ሆነብህ እኮ። ሰው የማያየው ሳጥን ውስጥ ይጽፋል?

አማች፦ ይከፍታል እኮ ጋሼ።

ሾፌር፦ ሌባም ይከፍታል። ስክሪኑ እንዲህ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

አማች፦ አዲሱን ከሰቀልኩት ወዲህ። ለምርመራው ፊደል ብዬ ነው የገዛሁት፤ ድሮ በወረቀት ነበር የማሳየው። ከገባሁ በኋላ ደህና ነው፣ ልኩን ራሴ ነግሬዋለሁ። መግቢያው ላይ ብቻ ነው እንደዚህ የሚያብጠው።

ሾፌር፦ ኮምፒዩተሩ ምንድን ነው?

አማች፦ ጥቁር ነው።

ሾፌር፦ ውስጡን ነው የጠየቅኩህ።

አማች፦ ሊኑክስ ነው።

ሾፌር፦ እንግዲያው ሰው አገኘህ። የመናኸሪያችንን ኮምፒዩተር ማን ያስነሳው ይመስልሃል?

አማች፦ ቀድሞ የገባው ሠራተኛ።

ሾፌር፦ ከሞት ማን ያስነሳው ማለቴ ነው። እኔ ነኝ። የኮምፒዩተር ኮሌጅ መስመር ላይ ስንት ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ፤ ተማሪዎቹ ከኋላ ሲያወሩ ሰምቼ ሰምቼ፣ ዲግሪውን እነሱ ወሰዱ፣ እውቀቱን እኔ አስቀረሁት።

አማች፦ ቆይ ጋሼ። አንተ የመጣኸው ለዓይን ምርመራ አይደለም እንዴ?

ሾፌር፦ ለውጤቱ ነው የመጣሁት። መንጃ ፈቃዴ ሊያልቅ ነው፤ ለማሳደስ የዓይን ውጤት ይላክልን አሉ። ላኪው ደግሞ አንተ ነህ። ምርመራውን ምን አመጣው?

አማች፦ ውጤቱ የሚመጣው ከምርመራው ነው።

ሾፌር፦ እሱ ለባዕድ ነው። እኔ የእህትህ ባል ነኝ።

አማች፦ እኔንም ያስቸገረኝ እሱ ነው። እህቴ ደውላልኝ ነበር።

ሾፌር፦ ምን አለችህ?

አማች፦ ተሳፋሪ መስሎት ለምሰሶ ቆመ አለችኝ።

ሾፌር፦ ምሰሶው መንገድ ዳር እንደ ሰው ቢቆም የማን ጥፋት ነው?

አማች፦ በሩን አስከፍተህ «ግባ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ» አልከው አለችኝ።

ሾፌር፦ እና አልተገተረም?

አማች፦ ትራፊክ ፖሊሱ እጁን አንስቶ ቁም ሲልህ ደግሞ አንተም እጅህን አንስተህ ሰላም ብለኸው አለፍክ።

ሾፌር፦ ሰላምታ የማይመልስ ባለጌ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት።

አማች፦ ጋሼ፣ ፈቃዱ ካልታደሰ ሚኒባሱ እንደሚቆም አውቃለሁ። ሚኒባሱ ከቆመ የልጆቹ ትምህርት እንደሚቆምም አውቃለሁ። ግን እህቴ ሚኒባሱ ውስጥ የምትቀመጠው ጎንህ ነው።

ሾፌር፦ እንግዲያው እንዋዋል። ይሄን ስክሪን አስተካክልልሃለሁ። ካስተካከልኩት ሳትመረምረኝ «በደንብ ያያል» ብለህ ትልክልኛለህ። ካቃተኝ እንደፈለግክ መርምረኝ፤ ደስ ካለህም መነጽር ጫንብኝ።

አማች፦ ተስተካክሏል የሚለው ማን ነው? አንተ ወይስ እኔ?

ሾፌር፦ ባለሙያው ማን ነው?

አማች፦ አንተ።

ሾፌር፦ መለስክልኝ። በዳበሳ ግባ።

[አማች በአንድ ጣቱ ይጽፋል። ስክሪኑ ይከፈታል፤ ውስጡ ያሉት ፊደሎች ትንንሽና ጥርት ያሉ ናቸው። ኪቦርዱን ለሾፌሩ ያቀብለዋል። ሾፌሩ አይቀበለውም።]

ሾፌር፦ አንተ ጻፍ። አዋቂ ያዛል እንጂ አይጽፍም። እኔ የምልህን እየጻፍክ፣ የሚመልስልህን ጮክ ብለህ አንብብልኝ።

አማች፦ ስክሪኑ ፊትህ ነው እኮ።

ሾፌር፦ አንተ እንድትማር ብዬ ነው። እንግዲህ ስማ። ኮምፒዩተሩን ቤት ነው በለው። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው የስክሪኑን ልክ ያውቃል፤ አንተ ነግረኸዋል። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ግን አልሰማም።

አማች፦ ዘበኛ የለኝም። ከጎረቤቱ ጫማ ቤት ጋር ተጋግዘን ልንቀጥር ነበር፣ እሱ ሐሳቡን ለወጠ።

ሾፌር፦ ምሳሌ ነው። የመግቢያው ገጽ ዘበኛው ነው። ከአንተ የተለየ ሰው ነው፤ የራሱ ስም፣ የራሱ ጓዳ አለው። አንተ ሳሎን ውስጥ ያወራኸው እሱ ጋ አይደርስም። ስለዚህ አዲስ ስክሪን መገዛቱን አያውቅም፤ በድሮው ልክ ነው የሚያስተናግደው።

አማች፦ ታዲያ ማን ይንገረው?

ሾፌር፦ እኛ ነና። አንተ ልኩን ስታስተካክል በአንድ ፋይል ተጽፎ ተቀምጧል። ያንን ፋይል ገልብጠን ዘበኛው ጓዳ ውስጥ እናኖርለታለን። በቃ፣ ይሄው ነው። ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት ክፈት።

አማች፦ ከፈትኩ።

ሾፌር፦ ገልብጥ በለው። ከዚያ የፋይሉ ስም፣ ሞኒተርስ፣ ነጥብ፣ ኤክስ ኤም ኤል።

አማች፦ [ኪቦርዱን አጎንብሶ ይፈልጋል] ነጥቧ እዚህ ነበረች።

ሾፌር፦ ከቀኝ በታች። ከነጠላ ሰረዟ ጎን።

አማች፦ አገኘኋት። ቀጥል።

ሾፌር፦ አሁን የዘበኛውን ጓዳ አድራሻ ስጠው። ምን አለ?

አማች፦ «አልተፈቀደልህም» አለ።

ሾፌር፦ ልክ ነው። የሰው ጓዳ ዘው ተብሎ አይገባም። መጀመሪያው ላይ «ሱዶ» ብለህ ጨምርበት።

አማች፦ ምን ማለት ነው?

ሾፌር፦ «ባለቤቱ ነኝ» ማለት ነው።

አማች፦ ባለቤቱማ ነኝ። የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ።

ሾፌር፦ ጻፈው። አሁንስ ምን ይላል?

አማች፦ ምንም አይልም።

ሾፌር፦ ምንም ካላለ ተሳክቷል። ሊኑክስ ጨዋ ነው፤ አፉን የሚከፍተው ሲከፋው ብቻ ነው።

አማች፦ እንደ እህቴ።

ሾፌር፦ እህትህ ሳይከፋትም ትከፍታለች። አጥፍተህ አብራው።

[አማች ሄዶ የክፍሉን መብራት ያጠፋል።]

ሾፌር፦ ኮምፒዩተሩን።

[አማች መብራቱን መልሶ ያበራል፤ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያስነሳል። የመግቢያው ገጽ ይመጣል። «መነጽር ቤት» የሚለው ስም ሙሉውን ተጽፏል፤ ከሥሩ የፓስወርዱ ሳጥን፣ ከላይ ሰዓቱ፣ ሁሉም በየቦታው፣ ትንሽና ጥርት ያለ ነው። አማች ፈገግ ይላል። ሾፌሩ ፊቱን ያኮማትራል።]

አማች፦ ጋሼ፣ እጅህ ይባረክ።

ሾፌር፦ ምኑ ነው የሚባረከው? ጭራሽ ጠፋ እኮ።

አማች፦ ምኑ?

ሾፌር፦ ፊደሉ። ቅድም ቢያብጥም ፊደል ነበር። አሁን ጉንዳን ነው የሚተራመሰው።

አማች፦ ለእኔ ስሙ ሙሉውን ይታየኛል። ሳጥኑም አለ። ሰዓቱም ለአምስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

ሾፌር፦ ሰዓቱን እጅህ ላይ አይተህ ነው።

አማች፦ ሰዓት አላሰርኩም።

ሾፌር፦ ስሙን ደግሞ ስለምታውቀው ነው። የሚያውቁትን ማየት ማንበብ አይባልም።

አማች፦ [ስክሪኑን ደግሞ ያያል] ይሆን? ግን እኮ ይታየኛል።

ሾፌር፦ ይታይሃል፤ ቀኑን ሙሉ ከብሎንና ከመስታወት ጋር ስትታገል ዓይንህ ጥቃቅን ነገር ለምዷል። ስክሪን የሚሠራው ለጤነኛ ሰው ነው። እኔ ካላየሁት አልተስተካከለም።

አማች፦ እሺ። ባለሙያው አንተ ነህ።

ሾፌር፦ ምናልባት ዘበኛው ፋይሉን አልነካው ይሆናል። የማን ነው ይላል?

አማች፦ [ገብቶ ያያል] «የባለቤቱ» ይላል።

ሾፌር፦ አየህ? የጌታውን ዕቃ ፈርቶ ነው። ለእሱ ስጠው፤ በስሙ ይዙርለት።

[አማች ይጽፋል። ያጠፋል፣ ያበራል። የመግቢያው ገጽ እንደ ቅድሙ ጥርት ብሎ ይመጣል።]

አማች፦ አሁን ይሻላል ወይስ ቅድም?

ሾፌር፦ ያው ነው።

አማች፦ አንደኛውና ሁለተኛው እኩል ናቸው?

ሾፌር፦ ምን ሆነሃል፣ አንደኛው ሁለተኛው የምትለኝ?

አማች፦ አፌ ለምዶት ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ወንበር ላይ ሲቀመጥ የምጠይቀው ይሄንኑ ነው።

ሾፌር፦ እዚህ የሚመረመረው ማሽኑ ነው።

አማች፦ እሺ። [ከኪሱ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ አውጥቶ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ያብሳል] አሁንስ?

ሾፌር፦ በጨርቅ የሚለቅ በሽታ አይደለም። ቆይ፣ እኔ ልየው።

[ሾፌሩ ተነስቶ ወደ ስክሪኑ ይሄዳል። አፍንጫው ሊነካው ሲል ይቆማል።]

ሾፌር፦ ይገርማል።

አማች፦ ምኑ?

ሾፌር፦ እዚህ ጥርት ይላል። [ወደ ኋላ ይራመዳል] እዚህ ይደበዝዛል። [ደግሞ ይራመዳል] እዚህ ብዥ። [ወንበሩ ላይ ይቀመጣል] እዚህ ጠፋ። አገኘሁት።

አማች፦ ምኑን?

ሾፌር፦ በሽታውን። ይሄ ስክሪን ሲርቁት ነው የሚበላሸው።

አማች፦ [በጣም ቀስ ብሎ] ሲርቁት?

ሾፌር፦ ሪዞሉሽን የሚሉት ይኸው ነው። ጥሩ ሪዞሉሽን ያለው ፊደል እስከ ወንበሩ ድረስ ይመጣልሃል። የደካማው መንገድ ላይ ይደክመዋል።

አማች፦ እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ቦታ ገጥሞህ ያውቃል?

ሾፌር፦ የት ያልገጠመኝ አለ? የቤታችን ቴሌቪዥን እንደዚሁ ነው። የመንገድ ምልክቱም እንደዚሁ ሆኗል። ድሮ ከማዶ ይነበብ ነበር፤ ዘንድሮ ሥሩ ካልደረስክ አይነበብም። ርካሽ ቀለም እየገዙ ነው።

አማች፦ የመኪና ታርጋስ?

ሾፌር፦ ታርጋ መነበብ ከተወ ቆየ።

አማች፦ የሰው ፊትስ?

ሾፌር፦ የሰው ፊትማ ድሮ ቀረ። ዛሬ ማን ነው ከሩቅ ፊቱን የሚያሳይህ? ሥርህ ደርሶ፣ ጉዳይ ሲኖረው ነው።

አማች፦ ሲመሽስ?

ሾፌር፦ ሲመሽ ይብሳል። ከፊት የሚመጣው መኪና መብራት እንደ አበባ ይፈነዳብሃል። አምፖሉም እንደ ቀለሙ ነው።

አማች፦ ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ ነገር በአንድ ጊዜ ተበላሸ?

ሾፌር፦ ዘመኑ ነው። ቀለሙ ይበላሻል፣ አምፖሉ ይበላሻል፣ የሚታማው የእኔ ዓይን ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

አማች፦ እስቲ ግራ ዓይንህን ሸፍነው።

ሾፌር፦ ለምን?

አማች፦ ስክሪኑ በአንድ ወገን ይብስ እንደሆን ለማወቅ።

ሾፌር፦ አሁን ገና ማሰብ ጀመርክ። [ይሸፍናል] በቀኝ ብዥታ ነው። [ይቀይራል] በግራ ጭጋግ። ልብ በል፣ ስክሪኑ በግራ በኩል ይብስበታል።

አማች፦ ልብ ብያለሁ።

ሾፌር፦ ቆይ ቆይ። [ጡጫውን ቀዳዳ አድርጎ በቀዳዳው ያያል] «መነጽር ቤት» ይላል። አነበብኩት። [ጡጫውን ይፈታል] ጠፋ። [ይጨብጣል] መጣ።

አማች፦ ይሄስ ምን ይመስልሃል?

ሾፌር፦ ስክሪኑ ሰፍቶብህ ነው። ብርሃኑ ይበተናል፤ ሲያጠቡት ይሰበሰባል። ትንሹ ይበቃህ ነበር።

አማች፦ መንገዱም ሰፍቶ ይሆን?

ሾፌር፦ መንገዱ የት ይሰፋል፣ በየጊዜው እየተቆፈረ።

አማች፦ ስትነዳስ በጡጫ አይተህ ታውቃለህ?

ሾፌር፦ በአንድ እጄ መሪ ይዤ፣ በአንድ እጄ ማርሽ ይዤ፣ በምኔ ልጨብጥ? [ጡጫውን እያየ] አልሞከርኩትም ግን አልልህም። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው።

[አማች ከመደርደሪያው አንድ ፍሬም አንስቶ ያገላብጣል።]

አማች፦ ጋሼ፣ ይሄ ፊትህ ላይ ደህና ይሄዳል።

ሾፌር፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። መልሰው። መነጽር ያደረገ ሾፌር ማን አምኖ ይሳፈራል? «ይሄ ሰውዬ አያይም» ብሎ ይወርዳል።

አማች፦ መነጽር ያደረገማ ያያል። የሚያሰጋው ሳያደርግ የማያየው ነው።

ሾፌር፦ ይሄን በሩ ላይ ቆመህ ለተሳፋሪዬ አስረዳልኝ። አሁን ወደ ሥራችን። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ የዘበኛውን ልክ መቀነስ፤ ልኩ ሲያንስ ፊደሉ ያድጋል። ስንት በስንት ነው?

አማች፦ አሥራ ዘጠኝ ሃያ በአሥር ሰማንያ። ስክሪኑ የመጣበት ካርቶን ላይም እንደዚሁ ነው ያለው።

ሾፌር፦ ካርቶን ምን ያውቃል? ቀንስ።

አማች፦ ካርቶኑ እኮ የፋብሪካው ነው።

ሾፌር፦ ፋብሪካው እዚህ ወንበር ላይ አልተቀመጠም። ቀንስ አልኩህ።

[አማች ይጽፋል። ያጠፋል፣ ያበራል። ፊደሎቹ በመጠኑ አድገዋል፤ ዳር ዳሩም ትንሽ ተቆርጧል።]

አማች፦ ሰዓቱ ሊወጣ ነው ጋሼ። ጫፉ ላይ ነው የቀረው።

ሾፌር፦ ይውጣ። እየመጣ ነው። አሁንም ቀንስ።

አማች፦ ከዚህ በታች ካወረድኩት ሳጥኑ—

ሾፌር፦ ሥራ ላይ እያሉ መሪ አይነጠቅም። ቀንስ።

[አማች ተንፍሶ ይጽፋል። ያጠፋል፣ ያበራል። ፊደሎቹ ያብጣሉ። ሰዓቱ የለም። ሳጥኑ ከስክሪኑ በታች ወርዶ ጠፍቷል። የቤቱ ስም «መነጽ» ላይ ቆሟል። ሾፌሩ ከወንበሩ ብድግ ይላል።]

ሾፌር፦ ይኸው። ፊደል ማለት ይሄ ነው። ከዚህ ሆኜ፣ ያለ ጡጫ፣ በሁለቱም ዓይኔ። ተስተካክሏል።

አማች፦ ጋሼ።

ሾፌር፦ አታመስግነኝ። ቤተሰብ ነን።

አማች፦ ይሄ እኮ የቅድሙ ነው።

ሾፌር፦ የቱ ቅድም?

አማች፦ አንተ ስትመጣ የነበረው። ሳጥኑ የለም፤ ስሙም ግማሽ ነው። ስትመጣም «መነጽ» ነበር የሚለው፣ አሁንም «መነጽ» ነው የሚለው።

ሾፌር፦ [ስክሪኑን ለረጅም ጊዜ ያያል] ያኔ አብጦ ነበር። አሁን ልከኛ ነው።

አማች፦ ራሱ ነው ጋሼ።

ሾፌር፦ እና ታዲያ መቼ ነበር የተስተካከለው?

አማች፦ ፋይሉን ገልብጠን፣ መጀመሪያ አጥፍተን ያበራነው ጊዜ። ዘበኛው ወዲያው ነው የሰማህ።

ሾፌር፦ ለምን አልነገርከኝም?

አማች፦ እጅህ ይባረክ አልኩህ።

ሾፌር፦ እሱ ምርቃት ነው።

አማች፦ ስሙም ሳጥኑም ይታየኛል አልኩህ። ሰዓቱንም አነበብኩልህ። አንተ «እኔ ካላየሁት አልተስተካከለም» አልክ። በውላችን ያኔ አሸንፈህ ነበር ጋሼ። የቀረህ ማየት ብቻ ነበር።

[ሾፌሩ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል።]

ሾፌር፦ አሸንፌ ነበር ነው ያልከው?

አማች፦ አዎ።

ሾፌር፦ ያሸነፈ አሸንፏል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «ያያል» ብለህ ላክ።

አማች፦ ጋሼ፣ እኔ እፈራለሁ። ለእሷም፣ ለአንተም፣ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰውም እፈራለሁ። ሚኒባሱን ሰፈር ውስጥ ሳየው መንገድ እቀይራለሁ፤ እውነቴን ነው።

ሾፌር፦ እኔም እፈራለሁ። የምፈራው ግን ሌላ ነው። መስመሩ ላይ ዕድሜያቸው የልጆቼ የሚሆን ሾፌሮች መጥተዋል። «ፋዘር፣ አይከብድህም?» እያሉ መኪናዬን ያዩታል። መነጽር አድርጌ በጠዋት መናኸሪያ ስገባ የሚሉት ይታየኛል። ሌላው ባይታየኝም እሱ ይታየኛል።

[አማች ፍሬሙን መደርደሪያው ላይ ይመልሳል።]

አማች፦ ቃል ገብቻለሁ። ቃሌን አላጥፍም።

[ኪቦርዱን ይስባል። የማይታየው ሳጥን ውስጥ ፓስወርዱን በዳበሳ ይጽፋል። ስክሪኑ ይከፈታል። ውጤት የሚላክበትን ገጽ ከፍቶ እጁን ያነሳል።]

አማች፦ ይኸው፣ የአንተ ገጽ ነው። ነገ እህቴ ብትቆጣኝ «ጋሼ ራሱ አንብቦ አጽድቆታል» እላታለሁ። እየውና እሺ በለኝ፤ እልከዋለሁ።

[ሾፌሩ ወደፊት ይሰግጋል። ዓይኑን ያጠብባል። ጡጫውን ሊያነሳ ሲል አማች እያየው መሆኑን አይቶ አገጩን ያክበታል።]

ሾፌር፦ እ... ጥሩ ነው። እጥር ምጥን ያለ ነው።

አማች፦ የሚታረም የለውም?

ሾፌር፦ ሐቅ ምን ይታረማል?

አማች፦ ሁሉንም አነበብከው?

ሾፌር፦ ከላይ እስከ ታች። ላከው።

አማች፦ ጋሼ፣ ገና ምንም አልጻፍኩም።

[ሾፌሩ ነጩን ገጽ ያያል። ከዚያ አማቹን ያያል። ጀርባውን ቀስ አድርጎ የወንበሩ መደገፊያ ላይ ያሳርፋል።]

ሾፌር፦ እንግዲያው ያየኸውን ጻፍ።